የሲሊኮን የጡት ፓድ፦ አንዱ ጡት ከሌላው ለሚያንስባችሁ

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ለልጄ ነው የገዛሁት፣ 14 ዓመቷ ነው፣ ግራው ቀድሞ አደገና ቀኙ ወደኋላ ቀረ፣ ከዛ ጠበብ ያለ ቲሸርት አልለብስም ስፖርት አልሰራም ምናምን ማለት ጀመረች (እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች ደሞ)። ለስላሳ ነው፣ ብራው ውስጥ ባነሰው በኩል ብቻ ይገባል፣ ከላይ ሲታይ ልዩነቱ ጭራሽ አይታወቅም። ኪስ የሌለው ብራ ላይ ስትሮጥ ይንሸራተታል፣ ስፖርት ብራ ላይ ግን ቀጥ ይላል። ላብ ስለሚይዝ በቀላል ሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ አድርጋችሁት አትተኙ። ጥንድ ሆኖ ብቻ ለምን እንደሚሸጥ ግን አይገባኝም፣ የሚያስፈልገን እኮ አንድ ነው!

ያናደደኝ ካርቶኑ ላይ "ጡትን ያመጣጥናል" የሚለው ነው። የሚያመጣጥነው ልብሱን ነው እንጂ ጡቱንማ ምንም አያደርገውም። አብሮት የሚሸጠውን ክሬም ደሞ በቃ ተዉት፣ ተቀብቶ ጡት የሚያስተካክል ነገር የለም።

ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር፣ አንዱ ቀድሞ መጀመሩ የተለመደ ነው አለችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው እየደረሰበት ይመጣል፣ እድገቱ እስከ 18 ዓመት አካባቢ ሊቀጥል ይችላል፣ ኦፕሬሽን የሚያስብም ብዙውን ጊዜ እስከዛ ይጠብቃል፣ አድጎ ካለቀ በኋላም ቢሆን ሁለቱ ልክ እኩል የሆነላት ሴት ብዙ የለችም። መጀመሪያ ላይ ከጫፉ ስር ጠንከር ብሎ የሚዳሰሰውና ሲነኩት የሚያመው ራሱ ጡቱ ሲያጎጠጉጥ ነው፣ እናቶች እባካችሁ እጢ ነው ብላችሁ ይቆረጥልን እንዳትሉ፣ እሱ ከተነካ ጡቱ ላያድግ ይችላል።

ፓዱ ሁሉንም ስለሚሸፍን ግን የሚታየውን ነገር እንዳትረሱት። አንዱ በድንገት ቶሎ ቶሎ ካደገ ወይ ለብቻው የሚዳሰስ እብጠት ካለ አሳዩ፣ በልጃገረዶች ላይ ብዙውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው፣ በአልትራሳውንድ ይታያል። ቆዳው ከቀላና ካተኮሰ፣ ከጫፉ ደም ከወጣ፣ በአንድ በኩል የደረት ጡንቻውም የሌለ ከመሰለ፣ ጀርባዋ ከተጣመመ፣ ወይ 13 ሞልቷት ሁለቱም ካልጀመሩ እንደዛው። ትልልቆቹ ደሞ፣ ድሮ የነበረ ልዩነት ሌላ ነው፣ አሁን በቅርብ አንዱ ከተለወጠ፣ ቆዳው ከጎደጎደ ወይ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ፓድ መፈለጉን ትታችሁ ቶሎ ታዩ።

ሳይዙን አነስ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ያነሰው እያደገ ሲመጣ ትልቁ ፓድ በተራው ያንን በኩል ያስበልጠዋል።