«መጥጫለሁ»ን ሳያርም ያተመልኝ ቲሸርት ቤት

አምስት ቲሸርትና አምስት ኩባያ ለማሳተም ሁለት ቤት ሄጃለሁ። አንዱ ጋ ብሬን አክስሬ ወጣሁ፣ ሌላው ጋ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለጓደኛ ስጦታ ለማሳተም የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ የምታሳትሙት እናንተ መሀል ብቻ የሚታወቅ ቃል ከሆነ፣ ሳትከፍሉ በፊት ይህን አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ኪሎ አንድ ዶርም የኖርን አምስት ሴቶች ነን። ከመሀላችን አንዷ አግብታ ባሏ ወዳለበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ልትሄድ ሆነ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሀበሻ የሞላበት ነው፤ እንጀራውም ቡናውም አለ። የሌለነው እኛ ነን። በርበሬውንና ሽሮውን እናቷ አዘጋጅተዋል፣ የሀበሻ ቀሚሱን እህቶቿ አሰፍተዋል። እኛስ ምን እናስይዛት ስንባባል አንዷ «ቋንቋችንን ይዛ ትሂድ» አለች። ወሬው በዚያው አለቀ።

ቋንቋችን ስል የአራዳ ቋንቋ ማለቴ አይደለም። ነቄ፣ ላሽ፣ ጀለስ፣ ፋራ የከተማው ናቸው። «አራዳ» ራሱ ድሮ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው የገበያ ሰፈር ስም ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ይለዋል፣ ቲሸርት ላይ ታትሞም ተሰቅሎ ይሸጣል። የእኛን ግን የሚያውቀው አምስት ሰው ብቻ ነው። ጥቂቱን ላስረዳችሁ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቤት ምን እንዳጠፋብኝ አይገባችሁም።

«ክዳኑ ተንከባለለ» የሚለው የሁለተኛ ዓመት ትዝታችን ነው። ዶርም ውስጥ በስቶቭ ማብሰል ክልክል ነበር፤ እኛ ግን የካፌው ወጥ ሲሰለቸን ማታ ማታ ሽሮ እንሠራለን። አንድ ማታ ፕሮክተራችን፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ በር አንኳኩ። ስቶቩ ሎከር ውስጥ ገባ፣ ድስቱ አልጋ ሥር ተገፋ፣ መስኮት ተከፈተ፣ አምስታችንም ደብተር ይዘን አልጋ ላይ ተደረደርን። ገቡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩ፣ አሸተቱ፣ ምንም አላሉም። ልክ ሊወጡ ሲዞሩ የድስቱ ክዳን ከአልጋው ሥር ብቅ አለና ሲሚንቶው ላይ እየተንቀጫቀጨ፣ ማንም ሳይነካው፣ ክፍሉን አቋርጦ ሄዶ እግራቸው ሥር ሲደርስ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ጸጥ ብሎ ተኛ። ጠርዙ ላይ ገና ያልደረቀ ሽሮ ነበረበት። ከዚያ ማታ ጀምሮ የተደበቀ ነገር ሲወጣ እኛ ጋ «ክዳኑ ተንከባለለ» ነው የሚባለው። ጓደኛችን የዛሬ ባሏን ደብቃ ስትይዘው ቆይታ ካፌ ውስጥ አብረው ያየናቸው ቀንም ሌላ ቃል አላስፈለገንም።

«አንድ ሰው» ከታክሲ የመጣ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፦ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ብሎ ይጠራል፣ ስትገቡ ሦስት ወንበር ባዶ ነው። እኛ ጋ አንዷ «አሳይመንቱን ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ» ካለች «አንድ ሰው» እንላታለን። ገና እንዳልጀመረች እናውቃለና። «ወራጅ አለ» ደግሞ ሠርግም ይሁን ልደት፣ ደከመኝ፣ በቃኝ፣ እንሂድ ማለት ነው። ጆሮ ላይ ይነገራል፣ ማንም ሳይቀየም ይወጣል።

የመጨረሻዋ «መጥጫለሁ» ናት። ሁልጊዜ የምታረፍደው ጓደኛችን፣ አግብታ የሄደችው እሷ ናት፣ አንድ ቀን ቡና ቤት አንድ ሰዓት አስጠብቃን «መጥቻለሁ» ብላ ቴሌግራም ላይ ልትጽፍ «መጥጫለሁ» ብላ ላከች። በስልኳ ኪቦርድ «ች»ና «ጭ» አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው፤ የሚለያቸው የላቲኑ ትንሹና ትልቁ ሆሄ ብቻ ነው። ምን መጠጥሽ፣ ማን ቀዳልሽ እየተባለ ሲሳቅ ለካ ገና ከቤት አልወጣችም። እናም «መጥጫለሁ» ማለት «ደርሻለሁ እያልኩ ገና ፀጉሬን እያበጠርኩ ነው» ማለት ሆኖ ቀረ። ቃሏ ስትወለድም ስህተት ነበረች፣ ዋጋዋም እዚያ ላይ ነው። ካስተካከላችኋት ትሞታለች።

የመጀመሪያው ቤት አስተካከላት።

ስሙን አልጠራም። ጽሑፉን በቴሌግራም ላክሁለት፣ «ችግር የለም» አለ፣ ቀብድ ተቀበለ፣ በሁለተኛው ቀን ደወለ። ሄጄ ቲሸርቱን ስዘረጋው ጀርባው ላይ በትልቁ «መጥቻለሁ» ይላል። ፊቱ ላይ ደግሞ «ኪዳኑ ተንከባለለ»። ክዳን ኪዳን ሆነ! ኪዳኑ የሚባል ሰው የወደቀ ነው የሚመስለው። አምስቱም ቲሸርት እንደዚያው ነው። ሳናግረው «እህቴ፣ የመጀመሪያው ስህተት ስለነበረ አስተካክዬልሽ ነው» አለኝ። ስለ ኪዳኑ መልስ አልነበረውም። ናሙና ሳያሳየኝ ማተሙም፣ ቀብዱ አይመለስም ማለቱም አናዶኛል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በኋላ ነው የገባኝ፣ ለእናንተም ይጠቅማል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋራው የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የ«ለ»ን ወይም የ«መ»ን ሥዕል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። አንዳንድ ማተሚያ ቤት ዛሬም በነሱ ይሠራል፣ ቅርጻቸው ቆንጆ ስለሆነና እጁ ስለለመዳቸው። ከስልክ የተላከ ጽሑፍ ግን እዚያ ላይ ሲለጠፍ ሣጥን ሣጥን ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ከስክሪን እያየ በእጁ እንደገና ይጽፈዋል። በእጅ ሲጻፍ ደግሞ ጣት ይስታል፣ ዓይንም የለመደውን ቃል ያነባል። ለሠርግ ጥሪ ብዙም አይጎዳም፤ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስህተቱም ቶሎ ይታያል። ለእኛ ዓይነት ቃል ግን ገደል ነው። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የላክሁልህን ጽሑፍ እንዳለ ነው የምትወስደው ወይስ መልሰህ ትጽፈዋለህ?

ሁለተኛው ቤት መገናኛ አካባቢ ካሉት ፎቆች ባንዱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። አድራሻውን ለፈለገ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ጠባብ ክፍል ናት፣ መቀመጫ የላትም፤ እኔ በሄድኩበት ቀን ሊፍቱም አይሠራም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ነው። ጽሑፉን ከስልኬ ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ ለጠፈው፣ ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ።

«እህቴ፣ ይቺ ‹መጥጫለሁ› የምትለው ፊደሏ ልክ ናት?»

«ልክ ናት ወንድሜ።»

«እንዳለች ትሁን?»

«እንዳለች።»

አልሳቀም፣ ምን ማለት ነው ብሎም አልጠየቀኝም። ትእዛዝ የሚመዘግብበት ወረቀት ላይ አራቱንም ቃል አንድ በአንድ ገለበጠና በየአንዳንዱ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «አይነካ» ብሎ ጻፈ። አራት ጊዜ፦ አይነካ፣ አይነካ፣ አይነካ፣ አይነካ። የሚያትመው ሌላ ሰው ስለሆነ ለሱ መሆኑ ነው። እውነቴን ነው፣ እዚያ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጓደኛዬ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፣ የማላውቀው ልጅ ደግሞ ቃላችንን እንደ ሰው ንብረት በጥንቃቄ ይይዘዋል።

ዩኒቨርሲቲ ስነ ልሳን ስማር የአዝማሪዎችና የነጋዴዎች ምስጢር ቋንቋ እንደነበረ ተምረናል፤ የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እነዚህን ቋንቋዎች አጥንቶ በ1964 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አዝማሪው ድግስ ቤት ውስጥ ከጓደኛው ጋር ባለቤቱ ሳይሰማው ለመነጋገር ቋንቋ ያስፈልገዋል፣ እንጀራው ነውና። ለእኛ ግን የሚደበቅ ነገር ኖሮን አይደለም። አንድ ቃል ስንል ያ ክፍል፣ ያ ማታ፣ ያ የሽሮ ሽታ አብሮ ይመጣል። ለዚህ ነው አንድ ፊደል ሲቀየር ቤት እንደተሰበረ ያህል የሚሰማኝ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ቲሸርቱ ጥጥ ነው፣ ህትመቱ ዲቲኤፍ የሚሉት ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ፊልም ላይ ይታተማል፣ ሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በሙቀት ጨርቁ ላይ ይጫናል። ይህ ዓይነቱ ጥጥ ላይ ይይዛል። ለኩባያ የሚሆነው ሰብሊሜሽን፣ ቀለሙ በሙቀት ተንኖ የሚገባው፣ ጨርቅ ላይ ሲሆን ፖሊስተር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጥጥ ቲሸርት ላይ በሰብሊሜሽን እሠራልሻለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ትታችሁ ውጡ። ልጁ ናሙናውን በቴሌግራም ላከልኝ፣ ከምትሄደው በቀር ለሦስቱ ጓደኞቼ አስተላለፍኩት፣ አራታችንም ካየነው በኋላ ነው «እተም» ያልኩት። አንዷ የ«ተንከባለለ» ፊደሎች እየተንከባለሉ ቢሄዱ ብላ ነበር፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቃሉን ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርጎ ሠራው። የመጨረሻዋ «ለ» ከሌሎቹ ዝቅ ብላ ቁጭ ብላለች፣ ልክ እንደ ክዳኑ።

ዋጋው ቲሸርቱ 950 ብር፣ ኩባያው 450 ብር፣ በድምሩ 7,000 ብር ነበር። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ከፈልኩ። ርካሽ አይደለም። የመጀመሪያው ቤት በቲሸርት ላይ 150 ብር ይቀንስ ነበር፤ እዚያ ያከሰርኩት ግን ከዚህ ልዩነት ይበልጣል። በሦስት ቀን ይደርሳል ተብሎ በአራተኛው ደረሰ፣ መብራት ጠፍቶባቸው ነበር፣ ቀድመው ደውለው ነግረውኛል። ቅር ያለኝ ነገርም አለ። አረንጓዴው ቲሸርት ስልክ ላይ ካየሁት ጠቆር ያለ ነው። ካምስቱ ኩባያ አንዱ ላይ ጽሑፉ ወደ ጆሮው ተጠግቶ ስለታተመ በቀኝ እጅ ስትይዙት የመጀመሪያው ፊደል ይሸፈናል። ስነግራቸው ሳይከራከሩ ሌላ አትመው ሰጡኝ፣ የተበላሸውንም ውሰጂው አሉኝ። እሱ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቲሸርቱን ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ህትመቱ ላይ ካውያ አታሳርፉ። የእኔ ሰባት ስምንት ጊዜ ታጥቧል፣ «ወራጅ አለ» ላይ ጫፉ ትንሽ ተነስቷል እንጂ አልተላጠም።

አንድ ቃል ሆን ብለን አላሳተምንም። እዚህም አልጽፈውም። ከመሀላችን አንዷ ያዘነች ቀን ብቻ የምንለው ነው፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ጀርባችን ላይ እንዲያነበው አልፈለግንም። ልጁ «አምስተኛ መስመር ቦታ አለ፣ ልጨምርልሽ?» ሲለኝ ይቅር አልኩት፣ እሱም ባዶውን ተወው።

ስጦታውን የሰጠናት ቦሌ ሊሸኟት ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ማታ ነው። ቲሸርቱን ዘርግታ ፊቱን አነበበች፣ ጀርባውን አነበበች፣ «ለ»ዋን በጣቷ ነካቻት፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ «ወራጅ አለ» አለችኝ። ውጭ ወጥተን አምስታችንም አለቀስን።

ኩባያዋን ሻንጣ ውስጥ በሹራብ ጠቅልላ ነበር የወሰደችው፣ ሳይሰነጠቅ ደርሷል። ከሄደች በሦስተኛው ቀን በኛ ሰዓት ሌሊት ላይ ፎቶ ላከች። ኩባያው መስኮት ላይ ነው፣ ውጭ የማላውቀው መንገድ ይታያል፣ ቡናው ተጠጥቶ ሥሩ ላይ አተላው ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ አንድ ቃል ጽፋለች፦ መጥጫለሁ።