ሽጉጥ፣ ባትሪ ወይስ ዱላ? በጓሳ ደጋ ለሚጓዝ መንገደኛ የቀረበ ንጽጽር

ከጣርማ በር ተነሥቶ በመዘዞ በኩል በመንዝ ያለውን የጓሳ ደጋ አቋርጦ ወደ መሐል ሜዳ የሚያልፈውን መንገድ በሞተር ብስክሌት የሚመላለስ ሰው፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ወራት ሥራ አምሽቶበት ከጨለመ በኋላ የሚጓዝ ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ ይኸውም ለራሱ መጠበቂያ ሽጉጥ ይግዛ ወይስ ገንዘቡን በሌላ ነገር ላይ ያውለው የሚለው ነው። በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት ስመላለስ ጥያቄውን ከባልንጀሮቼም ከታናናሾቼም ሰምቻለሁ፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለዚህ መንገድ ሽጉጥ የመጀመሪያው ግዢ መሆን የለበትም፤ ለአብዛኛው መንገደኛም ጨርሶ አያስፈልገውም። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ሽጉጥ የሚገዛው ሰው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን፣ በርግጥ የሚያስፈራ መንገድ ስለሚሄድ ነውና።

ዕቃ ከመምረጥ በፊት መንገዱ የሚያመጣውን አደጋ መለየት ይቀድማል። የጓሳ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ በደረቁ ወቅት የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በክረምት ደግሞ ጉሙ በጣርማ በር ላይ ሲወድቅ ከሞተሩ ጎማ ፊት ያለው መንገድ አይታይም፤ ወደ ደብረ ሲና በኩል ያለውም ገደል ለአንድ ስሕተት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ጠላቶች ብርድ፣ ጉምና ገደል ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ደግሞ ጥይት አይተኮስም።

ከእንስሳት ወገን ብዙ ሰው የሚፈራቸው አብዛኞቹ ለሰው አያሰጉም። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥና ፍልፈልን ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ መገኛቸውም ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ጭላዳ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ነብር አለ፤ ሆኖም ከሰው ይሸሻል እንጂ ሰውን ሲከተል የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። የሚቀረው ጅብ ነው። ጅብ ቆሞ ከሚሄድ ጎልማሳ ይልቅ የተኛን፣ የሰከረን፣ የወደቀን ሰው፣ ልጅንና ከብትን ስለሚደፍር፣ ከጅብ የሚያድነው ዋና ነገር መንገደኛው በእግሩ ቆሞ፣ ነቅቶና እያየ መገኘቱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በታኅሣሥ ወር አንድ ባልንጀራዬና እኔ በአንድ ሞተር ተፈናጠን ስንጓዝ ጓሳ ላይ መብራቱ ድንገት ጠፋ። ሌሊቱ ጥርት ያለ፣ ሣሩ በውርጭ የነጣ ነበር። እሱ ሽጉጥ ታጥቋል፤ እኔ በኪሴ የግንባር ባትሪ ይዣለሁ። ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መካከል አንድ ጅብ ቆሞ አየን። ባልንጀራዬ ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ አወለቀ፤ ጋቢውን ገለጠ፤ ከዚያ የካፖርቱን ቁልፎች ለመፍታት መታገል ጀመረ፤ ጣቶቹ ግን በብርድ ደንዝዘው ቁልፉ እየተንሸራተተ አስቸገረው። እኔ ባትሪውን አብርቼ ዓይኖቹ ላይ ስደቅነው ጅቡ ጥቂት ቆሞ አየንና ፊቱን አዙሮ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። በዚያን ጊዜ ባልንጀራዬ ገና ሁለተኛውን ቁልፍ እየፈታ ነበር። በዚያው ብርሃን የተቃጠለውን ፊውዝ ቀይረን መንገዳችንን ቀጠልን። አንድ ሌሊት ለሁሉም ሌሊት ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሆኖም ሽጉጥን ከባትሪ ጋር በማነጻጸር ረገድ ዋናውን ነገር ያሳየኝ እርሱ ነው፤ ማለትም በብርድ፣ በጓንትና በተደራረበ ልብስ ውስጥ ቶሎ እጅ የሚገባው ዕቃ የትኛው እንደሆነ።

ሽጉጡን ለብቻው እንመልከተው። በእጅ ላይ ከሚገኙት መካከል ማካሮቭ ያለ ጥይት ወደ 730 ግራም ይመዝናል፤ ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል። ክብደቱ ለመንገደኛ ብዙ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ሞተር ላይ ሲወጡ ነው። በወገብ የታጠቁት ሽጉጥ ሞተሩ ሲንሸራተት በዳሌ አጥንትና በድንጋይ መካከል የሚገባ ብረት ይሆናል፤ ጠጠሩ በላላበት መንገድ መውደቅ ደግሞ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ጥይት አጉርሶ የሚጓዝ ሰው አደጋው ይብስበታል። በተለይ ቶካሬቭ ሲሠራ ጀምሮ በአውራ ጣት የሚቆለፍ የተኩስ መከልከያ ስላልነበረው፣ ጥይት አጉርሶ በሞተር ላይ መያዝ በራስ ላይ አደጋ መጥራት ነው። ሳያጎርሱ መያዝ ደኅና ነው፤ ነገር ግን በደነዘዘ እጅ ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥቶ፣ ጥይት አጉርሶ፣ በጨለማ አልሞ መተኮስ ሁለት እጅና ጊዜ ይጠይቃል፤ የሞተር ነጂ ደግሞ ሁለቱም የሉትም።

ብርዱም በመሣሪያው ላይ የራሱን ሥራ ይሠራል። በወፍራም ዘይት የተቀባ ሽጉጥ በውርጭ ሌሊት ዘይቱ ስለሚረጋበት እንቅስቃሴው ይከብዳል። ከብርድ ወደ እሳት የሚነድበት ቤት ሲገባ ደግሞ ብረቱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ያ ጤዛ በየጊዜው ካልተጠረገ ዝገት ያመጣል። ስለዚህ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የጽዳቱን፣ የልምምዱንና የጥበቃውን ሥራ አብሮ እንደሚገዛ ማወቅ ይኖርበታል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ዒላማ ያልተኮሰ ሰው በጨለማ የሚሮጥ እንስሳ እመታለሁ ብሎ ማሰቡ ከንቱ ነው፤ የቆሰለ ጅብ ደግሞ ካልቆሰለው ይልቅ ያሰጋል።

ይህንኑ ጉዳይ አላስካ ከሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ተነጋግረንበታል። እዚያ ክረምቱን በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ሰው ወደሌለበት ዱር የሚገቡ ሰዎች ሽጉጥ ልያዝ አልያዝ እያሉ እንደሚከራከሩ ነገረኝ። ድብ በክረምት በዋሻው ተኝቶ ስለሚያሳልፍ የሚያሳስባቸው በአብዛኛው ሙስ የሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ወገን ነው፤ ወንዱ ከ500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በረዶው ሲወፍር ሞተሩ የደለደለውን መንገድ ይመርጥና አልለቅም ብሎ ይቆማል። እዚያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2003 ወዲህ ዕድሜው 21 የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ይችላል፤ ነፍሱን ለማዳን እንስሳ የገደለ ግን ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታው ነው። የአክስቴ ልጅ ራሱ የሚያስቀድመው ሌላ ነገር ነው፤ በበረዶ ናዳ የተቀበረን ሰው የሚያመለክት መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ። «እንስሳው መንገድ ሲዘጋብኝ ቆሜ እጠብቃለሁ ወይም ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ናዳው ግን አይጠብቀኝም» አለኝ። የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ እዚያም እዚህም ሰው የሚታጠቀው ለሚያስፈራው ነው፤ የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ነው።

አሁን ወደ ባትሪው ልመለስ፤ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። በእጅ ከሚያዘው ይልቅ በግንባር የሚታሰረው ይመረጣል፤ ሁለቱም እጆች ነፃ ስለሚሆኑ ሞተር ለመጠገንም፣ የወደቀ ሰው ለማንሣትም፣ ዱላ ለመያዝም ያመቻል። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቁጥር ማመን አይገባም፤ በርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር እጅግ የተጋነነ ነው። ከዚያ ይልቅ በሱቁ ውስጥ ጨለማ ጥግ ተፈልጎ፣ ብርሃኑ ሩቅ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ መሐሉ የተሰበሰበ መሆን አለመሆኑን ማየት ይሻላል። ለዝናብ የሚሆን ባትሪ አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ቢኖረው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃ ይችላል፤ አይፒኤክስ 7 ያለው ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቆያል።

በደጋ ላይ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ድንጋዩ፣ ማለትም በውስጡ የሚገባው ባትሪ ነው። የተለመደው አልካላይን ድንጋይ በብርድ ጉልበቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ቤት ውስጥ ሲሞከር ደምቆ የበራው ጓሳ ላይ ይደበዝዛል። ቻርጅ የሚደረገው ሊትየምም በብርድ የሚቆይበት ሰዓት ያጥራል፤ ከአልካላይኑ ግን ይሻላል። ቻርጅ የማይደረገው ሊትየም ድንጋይ ብርዱን ከሁሉም በተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል፤ በየሱቁም አይገኝም። እኔ የማደርገው ትርፍ ድንጋዮቹን በውስጥ ልብስ ኪሴ፣ ሙቀት ከደረቴ በሚያገኙበት ቦታ ማኖር ነው። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ብልሃት በብዙ ገንዘብ ከተገዛ ባትሪ የበለጠ ጠቅሞኛል።

ዱላን ማንም ስለሚያውቀው ብዙ አልልም። በእግር ለሚሄድ ሰው ወደር የለውም፤ ለውሻም፣ ለወንዝ መሻገሪያም፣ ለዳገትም ይሆናል። ለሞተረኛ ግን ይረዝምበታል። የእረኞቻችንን ጅራፍና ወንጭፍ ግን ሳላነሣ አላልፍም። ጅራፍ ሲጮኽ የጫፉ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ የሚሰማው እንደ ተኩስ ያለ ነው፤ እንስሳን በማስበርገግ ረገድ ሰው ከሽጉጥ የሚጠብቀውን ግማሹን ሥራ፣ ማንንም ሳያቆስል፣ ፈቃድም ሳያስፈልገው ይሠራል። ሞተር ላይ ያለ ሰው ፊሽካ ባንገቱ ቢያንጠለጥል ይህንኑ ጥቅም ያገኛል፤ ገደል ቢገባ እንኳ ድምፁ ሲዘጋ ፊሽካው ይጣራለታል።

ከልብስ ወገን ጋቢ ለደረቅ ብርድ መልካም ቢሆንም ጥጥ ስለሆነ ሲርስ ሙቀትን ከሰውነት ይስባል። የመንዝ በርኖስ ግን ከበግ ጠጉር ስለሚሠራ እርጥበት ቢነካውም ያሞቃል። ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ቢደረብበት መንገደኛው ሞተሩ ተበላሽቶ ሜዳ ላይ ቢያድር ነፍሱን ያተርፋል። ለሽጉጥ ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ በርኖሱም ጃኬቱም ይገዛሉ።

ዘራፊስ? የሚል ጥያቄ ይቀራል፤ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው፤ በጥቂት ቃላት አድበስብሼ ማለፍም አልፈልግም። ዘራፊ ቀድሞ አድፍጦ፣ ብዙ ሆኖና መሣሪያ ደግኖ ነው የሚጠብቀው፤ ነጂው እጁን ከመሪው ወደ ወገቡ ሲሰድ ተኩስ የሚከፈትበት ያን ጊዜ ነው። ሽጉጡ ራሱም የሚዘረፍ ንብረት ነው። ከዚህም በላይ ጊዜው በሚያሳስብበት ወቅት ታጥቆ የተገኘ መንገደኛ ማንነቱ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይጠረጠራል። ከዘራፊ የሚጠብቀው በቀን መጓዝ፣ ሁለትና ሦስት ሞተር ሆኖ አብሮ መውጣት፣ የሚደርሱበትን ሰዓት ለሚጠብቅ ሰው መንገርና ገንዘብን በጥሬው ይዞ አለመሄድ ነው።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መግዛትም ሆነ መያዝ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስለዚህ «ወረቀቱ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ግዢው እዚያው ላይ መቆም ይገባዋል። ቀይ ቀበሮን መግደል ደግሞ በዱር እንስሳት ሕግ የተከለከለ ነው፤ በጨለማ ዓይኑ ብቻ የሚታይን እንስሳ ጅብ ይሁን ቀበሮ ሳይለዩ መተኮስ፣ አባቶች ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩትን የጓሳን ሀብት ማጥፋት ነው። ውሻ ወይም ሌላ አውሬ የነከሰው ሰው ደግሞ ነካሹን እያሳደደ ሊተኩስ አይገባም፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

እንግዲህ በሞተር ለሚመላለስ ሰው የግዢው ቅደም ተከተል በእኔ አስተያየት የግንባር ባትሪ ከነትርፍ ድንጋዩ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ጓንት፣ ከዚያ ፊሽካና የሞተር መጠገኛ ዕቃ ነው። በእግር የሚሄደው በጃኬቱ ፈንታ በርኖስና ዱላ ቢያስቀድም ያዋጣዋል። ከብት እየነዳ በሜዳ የሚያድር ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ንቁ ውሻና የሚነድ እሳት ያስፈልገዋል።

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቀድሞውንም በእጁ የሚገኝና ይዤው ካልሄድኩ የሚል ሰው፣ ጥይቱን ከጉሮሮው አውጥቶ፣ ካዝናውን ለይቶ፣ ከወገቡ ይልቅ በጀርባ ቦርሳ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ፤ ፈቃዱንም ከእጁ አይለየው። መሽቶበት በሰው ቤት ሲያድር ደግሞ ገና ከደጅ ሳይገባ ለባለቤቱ «ጋሼ፣ መሣሪያ ይዣለሁ፤ የት ላኑረው?» ብሎ ይጠይቅ። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ልጆች ቦርሳውን ተቀብለው ወደ ጓዳ ያስገባሉና።