ስቲከሩን ፍቃችሁ ግዙ፦ አዳማ ላይ የኤሲ ሪሌይ ዲሲ ተብሎ እየተሸጠ ነው

አዳማ ላይ ፓናል (የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሣጥን) የምትሠሩ ልጆች፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልንገራችሁ። ሶሊድ ስቴት ሪሌይ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ኮንታክት የሌለው፣ በትንሽ ትእዛዝ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ፣ ልትገዙ ስትገቡ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር በጥፍራችሁ ፈቅፍቃችሁ እዩት። ነጋዴው ቢቆጣ ይቆጣ።

ሥራው የዱቄት ፋብሪካ ፓናል ነው። በሩ ላይ ያሉት መብራቶች በሙሉ በ24 ቮልት ዲሲ፣ እንደ ባትሪ ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ፣ ነው የሚሠሩት። አረንጓዴዋና ቢጫዋ ትንንሽ ኤልኢዲ ናቸው፤ ቀዩ ግን ሞተሩ ኦቨርሎድ ሲያደርግ (ከአቅሙ በላይ ሲጫን) ብልጭ ድርግም እያለ ሠራተኛ የሚጠራ ባለ 10 ዋት አምፖል ነው። በየሰከንዱ የሚበራና የሚጠፋ ነገር ላይ መካኒካል ሪሌይ ብታስገቡ ቀጭ ቀጩ ያሰለቻል፣ ኮንታክቱም ቀስ በቀስ ይበላል። ሶሊድ ስቴት የፈለግኩት ለዚህ ነው። ያውም ዲዲ የሚባለውን፤ በዲሲ የሚታዘዝ፣ ዲሲ የሚያበራና የሚያጠፋ። ለሱቁ ልጅ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ስትገቡ "የኔ ወንድም፣ ኦርጅናል ነው፣ የጀርመን ነው"፤ ስትመለሱ የሚያውቃችሁ የለም። ልጁ ከመሳቢያ አንድ አወጣ። ፊቱ ላይ ዲዲ፣ ከ5 እስከ 60 ቮልት ዲሲ ይላል። ሞክርልኝ አልኩት። ባለ 9 ቮልት ባትሪ አምጥቶ 3 እና 4 ቁጥር ብሎኖች ላይ ነካ ሲያደርገው የሪሌዩ ትንሽ ቀይ መብራት በራች። "ይኸው!" አለኝ። ያቺ መብራት የምትናገረው ትእዛዝ መግባቱን ብቻ ነው፤ በመውጫው፣ በ1 እና 2 ቁጥር በኩል፣ ምን እንዳለ አታውቅም። እዚያ ጋ አምፖልና ፓወር ሰፕላይ አገናኝና ባትሪውን ስታነሳ ሲጠፋ አሳየኝ ስለው፣ "ጋሼ፣ ሱቅ ነው እንጂ ላቦራቶሪ አይደለም" ብሎ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀ። ጽሑፉ ዲዲ ይላል፣ ፋብሪካው ይጠብቃል፤ የተራ ሪሌይ ሦስት እጥፍ ከፍዬ ወጣሁ።

ፓናሉ ላይ ገባ። ቀዩ መብራት በራ፣ በቃ፣ አልጠፋም። የትእዛዙን ሽቦ ብነቅለውም አልጠፋም። ዋናውን 24 ቮልት ስቆርጠው ብቻ ለቀቀ፣ ትእዛዝ ስሰጠው እንደገና ተጣብቆ ቀረ። በኤሲ ሪሌይ ውስጥ የሚያበሩትና የሚያጠፉት የትራያክና የታይሪስተር ጠባይ ነው ይሄ፤ አንዴ ከበራ የሚያልፍበት ከረንት ወደ ዜሮ ካልወረደ አይለቅም። ከግድግዳ ሶኬት የምናገኘው የእኛ 50 ኸርዝ ኤሲ አቅጣጫውን እየቀያየረ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚነካ እዚያ ላይ ችግር የለም። ዲሲ ግን ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ይህን ሳሰላስል የፋብሪካው ሰዎች ሞተሩ ሊቃጠል ነው ብለው ወፍጮውን አቁመዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ የሚያየው መብራቱን ሳይሆን እኔን ነው።

ነቅዬ ሳገላብጠው የስቲከሩ ጠርዝ ተነስቷል። ሥሩ በሪሌዩ አምራች ቀለም የታተመው ምን ይላል? ዲኤ (በዲሲ የሚታዘዝ፣ ኤሲ የሚያበራና የሚያጠፋ)፣ ከ24 እስከ 380 ቮልት ኤሲ።

ይዤው ተመለስኩ። ልጁ ባላየ ሆኖ በአገጩ ወደ ባለሱቁ ጠቆመኝ። ባለሱቁ ብር ይቆጥራል፣ ቀና አላለም። ሪሌዩን ፊቱ አስቀምጬ ሥሩን እንዲያነብ የስቲከሩን ጠርዝ ገለጥኩለት። ቆጠራውን አቆመ። አነሳው። አነበበው፤ ማንበቡን እኔ አይቻለሁ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ ስቲከሩን በእርጋታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ቴምብር አስተካክሎ መልሶ ለጠፈውና "ዲዲ ይላል፤ ማንበብ አትችልም?" አለኝ። ዓይኔ እያየ! ልጁ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሯል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይርገፈገፋል። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ በ813/2006፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘቤን መጠየቅ እችላለሁ ስለው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" በእስክሪብቶው አሳየኝና "አዋጁ እሱ ነው" አለ። ቀጥሎም እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ ለልጁ "ኤሌክትሪሺያን ነኝ ባይ ሁሉ አቃጥሎ ይመጣል" አለው። የቆጠረው ስለጠፋበት ብሩን እንደገና ከመጀመሪያው ያዘ።

አልተቃጠለም እኮ! የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለምድጃ ሂተር ቢሸጠው በወጉ የሚሠራ ዕቃ ነው። "ዲዲው አልቋል" ቢለኝ መርካቶ ልኬ አስመጣ ነበር።

ለማንኛውም፣ ዲዲ ስትገዙ አምፖልና 24 ቮልት ይዛችሁ ሂዱና ማብራቱን ሳይሆን ማጥፋቱን እዩ። ስታገናኙ የመውጫውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አትገልብጡ፤ ብዙዎቹ ከተገለበጡ መብራቱን ያለ ትእዛዝ ያበሩታል። በ220 ቮልት ላይ ኤልኢዲ ኢንዲኬተር በዲኤ የምታበሩ ደግሞ፣ ሪሌዩ አጥፍቶም ጥቂት ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። መብራቱ ጭል ጭል ካለባችሁ ባለ 22 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ከመብራቱ ጋር በፓራለል (ጎን ለጎን) ግጠሙ፤ ይሞቃልና ከሽቦ አርቁት። ደረሰኙ ላይም ዲዲ መሆኑን አስጽፉ። የእኔ "ሪሌይ 1 ፍሬ" ብቻ ነው የሚለው።