ጠቅላላ ጥቅስ ወይስ ኤች-ኢንዴክስ?

የእንስሳት ማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪን በቁጥር መመዘን ፈለጋችሁ እንበል። አንዱ መንገድ ጽሑፎቹ በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ መደመር ነው። ቀላል ነው፤ ግን ያታልላል። 10 ጽሑፍ ካለው ሰው አንዱ 900 ጊዜ፣ ቀሪዎቹ 3 3 ጊዜ ቢጠቀሱ ድምሩ 927 ይሆናል። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ (ቢያንስ N ጊዜ የተጠቀሱ N ጽሑፎች ያሉት ሰው የሚያገኘው ትልቁ N) ግን 3 ብቻ ይሰጠዋል። ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች የሉትማ! 20 ጽሑፎቹ 20 20 ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ድምሩ 400 ቢሆንም ኤች-ኢንዴክሱ 20 ነው።

ለቅጥር ከሆነ እኔ ኤች-ኢንዴክስን እመርጣለሁ። ግን የእንስሳት ሐኪሙ ዋልተር ፕሎውራይት ኬንያ ውስጥ የሠራውን የደስታ በሽታ ክትባት አስቡት። (ከብት ለሚፈጅ በሽታ «ደስታ» የሚል ስም!) በሽታው በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። እንዲህ ያለ አንድ ጽሑፍ ኤች-ኢንዴክስ ላይ የሚጨምረው ቢበዛ 1 ነው።