የዋሽንግተን ዲሲን ፐንክ ለማወቅ የትኛው ዘጋቢ ፊልም ይቅደም?

የዋሽንግተን ዲሲ ፐንክ፣ ማለትም ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ፣ እንዴት እንደተነሣ ማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው በ«ፐንክ ዘ ካፒታል» (2019 እ.ኤ.አ.) እና በ«ሳላድ ዴይስ» (2014 እ.ኤ.አ.) መካከል ነው።

ዘመን፦ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1983፣ ሁለተኛው ከ1980 እስከ 1990 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል።

ምስል፦ እዚህ ላይ «ፐንክ ዘ ካፒታል» በእጅጉ ይልቃል። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ፖል ቢሾው በዚያው ዘመን በሱፐር 8 (አነስተኛ የፊልም) ካሜራ የቀረጻቸው ምስሎች ስላሉት፣ ኋላ የራስ ተፈሪያንን እምነት የተቀበሉትን የባድ ብሬንስ ባንድ ጥቁር ሙዚቀኞች በጠባብ ክፍል፣ ከአድማጩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲጫወቱ ያሳየናል። ሰፈሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተስፋፉበት አዳምስ ሞርጋን ነው።

ለመከታተል፦ «ሳላድ ዴይስ» በርካታ ቃለ መጠይቆችን ስለሚያፈራርቅ፣ ባንዶቹን ለማያውቅ ሰው ስሞቹ ሊደበላለቁበት ይችላሉ።

ሁለቱም በ1980 የከተማዋ ወጣት ሙዚቀኞች ስላቋቋሙት የሙዚቃ አሳታሚ፣ ስለ ዲስኮርድ ሬከርድስ፣ ይተርካሉ። ወጣቶቹ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሽፋን በገዛ እጃቸው ቆርጠው፣ አጥፈውና በሙጫ አጣብቀው ማውጣታቸውን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይነካል።

ለጀማሪ፣ በተለይም መነሻውን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ፣ «ፐንክ ዘ ካፒታል» ይሻላል፤ ባንዶቹን አስቀድሞ ሰምቶ የከተማዋ ፐንክ የታደሰበትን የ1985ቱን «የለውጥ በጋ» (ሪቮሉሽን ሰመር) እና የፉጋዚ ባንድን መምጣት መረዳት ለሚፈልግ ደግሞ «ሳላድ ዴይስ» ይስማማዋል።