ከአዲስ አበባ ዳር ለሚነሳ ሰው፦ ሶደሬ፣ ወሊሶ ወይስ ፍልውሃ?

አዲስ አበባ ዳር አርፋችሁ አንድ ቀን ፍል ውሃ ውስጥ ለማሳለፍ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት ያረፋችሁት በየትኛው የከተማዋ በር እንደሆነ አስቡ። ከሰበታ ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ ሶደሬ የሚሄድ ሰው ቀኑን መንገድ ላይ ነው የሚጨርሰው።

ሶደሬ ለቃሊቲና ለቱሉ ዲምቱ ይቀርባል። በክፍያ መንገዱ አዳማ ገብታችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትቀጥሉ አዋሽ ዳር ትደርሳላችሁ። ትልቅ ገንዳ፣ ሰፊ የዛፍ ጥላ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ሜዳ አለ፤ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው። አገሩ ግን ቆላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩና የውሃው ሙቀት ሲደራረቡ ሰውነት ይዝላል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ውሃውን በረፋዱ ጠግቡና ቀትሩን ለምሳ ተዉት። ምሳውን ከጦጣ ጠብቁ፤ ልጆቹን ደግሞ ከወንዙ ዳር አርቁ፣ አዋሽ አዞ አለበት።

ወሊሶ በጅማ መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለአየር ጤናና ለሰበታ ሰው ይመቻል። እዚያ ያለው ነጋሽ ሎጅ በንጉሡ ዘመን የአፄ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ነበር። ገንዳው የሚሞላው ከምንጩ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ሲሆን ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው። ወሊሶ ከሶደሬ ከፍ ያለ ወይና ደጋ ስለሆነ ቀትር ላይም ውሃው አይከብድም። ጸጥታ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት፣ ወይም እናት አባቱን ይዞ ለሚወጣ ሰው ያለ ማመንታት ወሊሶ እላለሁ። መንገዱ በየከተማው መሃል ስለሚያልፍ ሳይመሽ ተመለሱ፤ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ።

ለሁለቱም አስቀድማችሁ ደውሉ። የመግቢያ ትኬቱ ገንዳውን ይጨምር እንደሆነ፣ ገንዳው የሚታጠበው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቁ። ውሃው ተለቅቆ ገንዳው ባዶ ሆኖ ከማግኘት አንድ ስልክ ይሻላል። ቢሾፍቱ ላይ «ስፓ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩም ውሃው ከምድር ሙቅ ሆኖ የሚወጣ ነው ወይስ የተሞቀ ብላችሁ ጠይቁ። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጉድጓዶች ላይ ቢተኙም ውሃቸው ቀዝቃዛ ነው። ማሳጅና እንፋሎት ብቻ ለሚፈልግ ግን ቅርበቱ ጥሩ ነው።

ፍልውሃ የተለየ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የወደዱት፣ ለከተማዋም መቆርቆር ምክንያት የሆነው ይኸው ምንጭ ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ለመዋኘት ሳይሆን ትኬት ቆርጦ፣ ተራውን ጠብቆ፣ በር ዘግቶ ባኞ ውስጥ ሊተኛ ነው። በክረምት፣ ዝናቡና ብርዱ አጥንት ሲገባ፣ ከሁለቱ ይልቅ ፍልውሃን እመርጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ማለዳ ሂዱ። ከቃሊቲ የሚነሳው ቀላል ባቡር ስታዲየም ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው።

የትም ብትሄዱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጥታችሁ ውሃ ጠጡ፣ አረፍ በሉ። ሙቀቱ የደከመ ጡንቻን ያፍታታል፤ የመድኃኒት ምትክ ግን አይደለም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ማታ ከቦሌ በረራ ያለበት መንገደኛ ሶደሬንም ወሊሶንም ለሌላ ጊዜ ያቆያቸው። ጠዋት ፍልውሃ ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሳይቻኮል ይደርሳል።