ከወዳደቀ ዕቃ የማይወድቅ ቅርጽ፦ ለልጆቻችን መምህር ምስጋና

ልጆቻችን ከወዳደቁ የቤት ዕቃዎች ቅርጻ ቅርጽ እንዲሠሩ የሚያስተምሩልንን መምህር በአደባባይ ማመስገን ፈልገናል። ሳናስፈቅዳቸው ስማቸውን ማውጣት ስላልወደድን ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከመካከላችን በዚሁ ሙያ የሚሠሩ አሉ፤ የምናመሰግነውም ልጆቹ ይዘውት የመጡትን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም አይተን ነው። እሳቸውን የማታገኙ ወላጆች ቢያንስ እንዲህ የሚሠራ ሰው ፈልጉ።

የጋሼ የመጀመሪያ ሕግ «ሙጫ ሳይነካው ይቁም» የምትል ናት። ልጁ ጠርሙሱን፣ ጣሳውንና ካርቶኑን አቁሞ እጁን እስኪያነሳ ድረስ የሙጫ ክዳን አይከፈትም። ቀጭኔ የምትሠራ ልጅ አንገቱን በአራት የሶፍት ጥቅልል ካርቶን ስትቀጥለው ወደ ፊት ይደፋባታል። ጋሼ አይነኩትም። «ቀስ ብለሽ ልቀቂው እስቲ፤ ወዴት ሄደ?» ይሏታል። የሚደፋበትን አቅጣጫ በዓይኗ ካየች በኋላ ወይ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ታስጠጋለች፣ ወይ ለኋላ እግር ባቆመቻቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ውስጥ እስከ ሲሶው አሸዋ ጨምራ ክዳናቸውን ታጠብቃለች። አራት እግር ካስቸገረ ሦስት ያደርጉታል፤ ሦስት እግር ጠረጴዛው ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መገጣጠሙ ላይ ነው። ነጭ ኮላ ወረቀትና ካርቶን ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ አጥብቆ ይይዛል። ፕላስቲክ ግን አይመጠውም፤ ስለዚህ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ተልጦ ይነሳል። ሙጫ በሙቀት እያቀለጠ የሚያወጣው ግሉ ጋንም ልሙጥ ጠርሙስ ላይ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ይለቃል፤ ብዙ አይሞቅም የሚባለው ዓይነት እንኳ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ የልጅ እጅ ያቃጥላል። ጋሼ ለፕላስቲክ የሚመርጡት ሽቦ ነው። ወስፌው እንዳያንሸራትት የሚበሳው ቦታ ላይ ፕላስተር ይለጥፉና ቀዳዳውን ራሳቸው ይበሳሉ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ሽቦ ማሳለፍና መጠምዘዝ ግን የልጁ ሥራ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ በፕላስተር ይሸፈናል። ጥቅልል ካርቶን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲቆም ደግሞ አፉን ዙሪያውን 8 ቦታ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በመቀስ ያስሰነጥቁና እንደ አበባ ወደ ውጭ ያስዘረጉታል። ኮላው የሚይዝበት ስፋት የሚያገኘው ያኔ ነው። ይህችን ብልሃት በቤታችሁም ሞክሯት፣ በጣም ትጠቅማለች።

ተገጣጥሞ ያለቀውን ቅርጽ ጋዜጣ ለማልበስ ለሚጠቀሙበት ሙጫ 1 ኩባያ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠብጡና 4 ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ ጨምረው 3 ደቂቃ ያህል ያማስሉታል፤ እንዳይሻግት 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይገባበታል። ልጆቹ የሚነኩት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጋዜጣው በመቀስ አይቆረጥም፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት እየተደረገ በእጅ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ጠርዝ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚዋሃድ መስመር አያሳይም። ሦስት ዙር ይለብሳል፣ በየዙሩ መሃል አንድ ቀን ይደርቃል። ሁሉንም ዙር በአንድ ቀን የሚጨርስ መምህር ካያችሁ ተጠንቀቁ፦ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ቅርጹ ቤት ከገባ በኋላ ይሻግታል፣ ይሸታል። ጋሼ ይህን ሥራ ለሦስት ክፍለ ጊዜ ማካፈላቸው ከሁሉ በላይ የምናከብርላቸው ነገር ነው።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሠዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 የሠራውን «የበሬ ራስ» የተባለ ቅርጽ ፎቶ ያሳዩአቸዋል፤ የብስክሌት ኮርቻና መሪ ብቻ ነው። ልጆቹ መሪው ቀንድ፣ ኮርቻው ፊት መሆኑን ሲያዩ ሁሉን ነገር በቀለም መሸፈን ያቆማሉ። የወፏ ክንፍ የሆነው ማንኪያ ማንኪያነቱ እንደታየ ይቀራል።

ልጅ ለመላክ ካሰባችሁ፣ በአንድ ጊዜ ከስምንት ልጅ በላይ አይቀበሉምና ቀድማችሁ ጠይቁ። ቆርኪና አዝራር አፋቸው የሚከቱ ሕፃናትን አትላኩ። የሚረጭ ጣሳ፣ የመድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ዕቃ፣ ባትሪ ያልወጣለት አሻንጉሊት ይመልሳሉ፤ ጠርዙ የሚቆርጥ ጣሳም በፕላስተር ካልተጠቀለለ አይገባም። ጠርሙሱን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ደፍታችሁ አሳድሩት፤ ቅባት የቀረበት ዕቃ ቀለም አይዝም። ጠርሙስ ሁልጊዜ ይተርፋል፤ የሚያልቅባቸው የወረቀት ፕላስተርና የተለያየ ቀለም ያለው ክዳን ነው፣ እሱን ይዛችሁ ሂዱ።